አስራ አንድ ሞክሼ ወታደሮች

አራሚዋ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ውስጥ ሃያ ስምንቱን ያሳለፈችው በአንድ ማተሚያ ቤት፣ የሰው ጽሑፍ ላይ አቀርቅራ ስሕተት ስትለቅም ነው። ባልደረቦቿ "ከሷ ዓይን ያመለጠ ስሕተት ይፈጠርና እንየው" እያሉ ይቀልዱባታል። አብራቸው ትስቃለች። በአስራ አንድ ዓመቷ ግን አንድ ደብዳቤ ሆን ብላ አጣማ አንብባለች፤ ይህን ከሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ነገሩን የቀሰቀሰው ታናሽ ወንድሟ ነው። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሆደ ባሻ ሰው። አባታቸው ሲዘምት የሦስት ወር ጨቅላ ስለነበረ መልኩን አያውቀውም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እህቱ ቤት መጥቶ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

"እትዬ፣ የሠራዊቱ የድሮ መዝገብ ቤት ለቤተሰብ ተከፍቷል አሉ። ስም ይዞ ለመጣ ሰው ማኅደር ፈልገው ያሳያሉ። ልጄ 'አያቴ የት ነው የሞተው?' ሲለኝ አፌን ይዤ ቀረሁ። አንቺ ወረቀት ታውቂያለሽ፣ አብረን እንሂድ።"

"ከአርባ ዓመት በኋላ ምን ይገኛል ብለህ ነው?"

"አጥንቱ ባይገኝ ወረቀቱ ይገኛል።"

ጉልበቴን አሞኛል ልትለው አሰበች። ሥራ በዝቶብኛል ልትለውም አሰበች። ከአፏ የወጣው ግን "እሺ" ነው። ወንድሟን እምቢ ብላው አታውቅም። እሱ ይህን እንደ ፍቅር ይቆጥረዋል። ፍቅርም ነበረበት፤ የሚበዛው ግን ፍርሃት ነው።

አባታቸው ከመዝመቱ በፊት ያ ቤት ምን ይመስል እንደነበር ወንድሟ አያውቅም። ሰውየው በደህናው ጊዜ ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ ሲጠጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። እሷ ስድስት ዓመት ከሞላት ጀምሮ ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛ ነበር፤ ጎረቤት ሮጣ ገላጋይ የምትጠራው እሷ ነበረችና። ሰውየው የዘመተ ለት እናቷ በሩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ከሳምንት በኋላ ልጅቱ ጫማዋን አውልቃ መተኛት ጀመረች።

ደብዳቤው የመጣው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በእኩለ ቀን ነው። እናቷ በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ተቀጥራ ነበር፤ ያን ቀን የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ የሕፃኑን ድድ በጣቷ ታሻለች፤ ጥርስ እያወጣ ነበር። ፖስተኛው "የሚፈርም?" ሲል እናቷ አገጯን ቀና አድርጋ "ልጄ ትፈርማለች። በዚህ ቤት ፊደል የቆጠረች እሷ ናት" አለችው። ልጅቱ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ፈረመች። ከዚያም ቆማ ደብዳቤውን በዓይኗ አነበበችው።

አባቷ አልሞተም። ፈንጂ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጥፍቶታል፤ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ባለቤቱን ደጋግሞ ይጠይቃል። በሦስት ወር ውስጥ ቤተሰብ መጥቶ ካልተረከበው ወደ መጦሪያ ይዛወራል።

"ምን ይላል?" አለች እናቷ። "አንብቢው እንጂ!"

ልጅቱ እግሯን ቁልቁል አየች። ባዶ እግሯን ነበረች። አፏን ከፈተችና እንዲህ አነበበች፦ "እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ስለበዛ መጻፍ አልቻልኩም። አታስቡ። ልጆቹን ሳሚልኝ።"

እናቷ ዓይኗን አጠበበች። "ሳሚልኝ? እሱ ነው እንዲህ ያለው?"

"አዎ። እዚህ ጋ ነው።" ጣቷን "መጦሪያ" የሚለው ቃል ላይ አሳረፈች።

እናቷ ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "እግዜር ሰውን ይለውጣል" አለች። ልጅቱ ደብዳቤውን በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ድልድይ ላይ ቆማ ቀዳድዳ ወደ ፍሳሹ ጣለችው። ለእናቷም ጠፋብኝ አለቻት፤ ለዚህም ተቆጣቻት።

ብዙም ሳይቆዩ ቤት ቀየሩ፤ ሌላ ወሬ ሳይመጣ ዓመታት ነጎዱ። ከእናቷ ጋር በአንድ ግቢ የሚሠራ አንድ አናጢ፣ ሚስቱ የሞተችበት ለስላሳ ሰው፣ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። እናቷ "ባሌ በሕይወት አለ፤ ጽፎልኛል" ብላ መለሰቻቸው። ሰውየው ሌላ አገባ። ደብዳቤው በመጣ በዘጠነኛው ዓመት እናታቸው ባሏን እንደ ሞተ ቆጥራ ጥቁር ለበሰች። አራሚዋ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። ልትናገር የምትችልበት ቀን ብዙ ነበር፤ እያንዳንዱ ቀን ግን ከትናንቱ ይልቅ ይከብድ ነበርና ነገን ስትጠብቅ ጸጉሯ ሸበተ።

መዝገብ ቤቱ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ደረጃውን ሲወርዱ የእርጥብ ካርቶን ሽታ ተቀበላቸው። የብረት መደርደሪያዎቹ ጣራ ይነካሉ፤ በሲባጎ የታሰሩት ማኅደሮች ጠርዛቸውን አይጥ ቀምሷቸዋል። ክፍሉን የሚጠብቁት ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ባልደረቦቻቸው "ጋሽ ማኅደር" ይሏቸዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ዓይነት ሰው ቢሆኑም፣ የትኛው ፋይል የት እንዳለ ጨለማ ውስጥ ይነግሩሃል ይባላል።

"ስም ከነአያት" አሉ። ወንድሟ ነገራቸው። "የተቀጠረበት ዓመት?" ነገራቸው። "መለያ ቁጥር?"

"የለንም ጋሼ።"

"የእናቱስ ስም?"

ወንድሟ ዞሮ እህቱን አየ። አራሚዋ የአያቷን ስም እንደ ራሷ ስም ታውቀዋለች። "አላስታውስም" አለች።

ጋሽ ማኅደር አንድ ወፍራም መዝገብ ገልጠው በጣታቸው ቁልቁል ወረዱ። "በዚህ ስም አስራ አንድ ወታደር አለ። አንድ ላይ ቢሰለፉ ለራሳቸው አንድ ጓድ ይወጣቸዋል። ስልክና ያኔ የነበራችሁበትን አድራሻ ጽፋችሁ ተዉልኝና አንድ በአንድ ልያቸው።" ወንድሟ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ የእህቱን ስልክ አስመዘገበ።

በሳምንቱ ጠሯቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ማኅደር ተዘርግቷል፤ የመጀመሪያው ገጽ እርጥበት በልቶት የእናት ስምና የትውልድ ቦታ አይነበብም። ዓመተ ምሕረቱ ይገጥማል። ወታደሩ አንድ ድልድይ ላይ ሦስት ቁስለኞችን ተሸክሞ አሻግሮ፣ ለአራተኛው ሲመለስ ተመትቶ ሞቷል። የተሰጠው ሜዳይ ቤተሰቡ ስላልተገኘ እስከ ዛሬ በሣጥን ተቀምጧል።

ወንድሟ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ያነባል። "ቁመት፣ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት" አለ። "እትዬ! ቁመቴን ለካ ከሱ ነው ያመጣሁት!"

ቁመቱን ያመጣው ከእናታቸው ወንድሞች ነው። አባታቸውን እናታቸው በጨዋታ መካከል "ከበርሜል ትንሽ ከፍ ይላል" ትል ነበር።

"እናንተ ታውቃላችሁ" አሉ ጋሽ ማኅደር አራሚዋን እያዩ። "ሰውየውን ያየሽው አንቺ ነሽ። እሱ ነው?"

አራሚዋ ወረቀቱን አየች፤ ወንድሟን አየች። እንባው ጢሙ ላይ ደርሷል። ይኸው፣ አለች በልቧ፣ ሞቶ የተገኘ አባት፤ ማንንም ያልመታ፣ ማንም ያልተወው።

"እሱ ነው" አለች፤ ሽማግሌው ባቀረቡላት ቅጽ ላይም ፈረመች።

ወንድሟ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አስነስቶ በመስታወት አስገጠመው። በዚያው ቅዳሜ እናታቸው ቤት ተሰብስበው ጮክ ብሎ አነበበላት። እናታቸው ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ደህና ነው፣ ዓይኗ ግን ደክሟል። እስከ መጨረሻው ሰማች።

"እሱ? ሰው ተሸክሞ?" አለች።

"ሦስት ሰው እማዬ!"

"እኔ ደግሞ ስንት ክፉ ቃል ተናግሬበታለሁ…" አለችና አንገቷን ደፋች። "ይቅር በለኝ።" ይህን ያለችው መስታወቱ ውስጥ ላለው ለማታውቀው ሰው ነው። አራሚዋ ውሃ ልቅዳ ብላ ተነስታ ወጥ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፍታ ቆመች። ብርጭቆው ሞልቶ እጇ ላይ ሲፈስ ቆየ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍም ሥራም አልሆነላትም። ማተሚያ ቤት ውስጥ የአንድ መጽሐፍ ርዕስ ላይ ፊደል ተገልብጦ አመለጣት፤ አለቃዋ "ምን ነካሽ?" ቢላት "ዓይኔ ነው" አለች። በሦስተኛው ሳምንት ስልኳ ጮኸ።

"እህቴ፣ ጋሽ ማኅደር ነኝ። ለብቻሽ ብትመጪ ደስ ይለኛል።"

በምሳ ሰዓት ሄደች። ሽማግሌው ወንበር ሳቡላትና አንድ ቀጭን ማኅደር ፊቷ አኖሩ። "አስራ አንዱንም ሳልጨርስ ብተው አይሆንልኝም። ይሄ ሰባተኛው ነው። አድራሻው እናንተ የጻፋችሁት የድሮ አድራሻ ነው።"

ገለጠችው። ቁመት፣ አንድ ሜትር ከስልሳ አንድ። የእናቱ ስም በጥርት ያለ ቀለም ተጽፏል። ቀጥሎ የደብዳቤው ግልባጭ አለ፦ "...የሁለቱም ዓይኖቻቸው ብርሃን የጠፋ ሲሆን፣ ባለቤታቸውን ደጋግመው የሚጠይቁ ስለሆነ..." ከሥሩ የፖስታ ቤቱ የርክክብ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል። ተቀባይ በሚለው መስመር ላይ፣ ከመስመሩ ወጣ ገባ ባሉ ትልልቅ ፊደላት፣ የእሷ ስም።

"የማን ጽሑፍ ነው?" አሉ ጋሽ ማኅደር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"የኔ።"

ሽማግሌው ማኅደሩን ወደ እሷ አስጠጉላት። ቀሪዎቹን ገጾች ራሷ ገለጠቻቸው። ሁለተኛ ደብዳቤ ተልኮ "ተቀባይዋ ቤት ቀይረዋል" ተብሎ ተመልሷል። ሰውየው ወደ መጦሪያ ተዛወረ። ወንበር በገመድ መጎንጎንና መጥረጊያ ማሰር ተማረ። በዲሲፕሊን ጉድለት ሁለት ጊዜ ተቀጣ። ዓይኑ ከጠፋ ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በሳንባ ምች ሞቶ በመጦሪያው መቃብር ተቀበረ። አራሚዋ አሰላች። እሱ ሲሞት እሷ ሠላሳ ዓመቷ ነበር፤ ደመወዝተኛ ነበረች፤ መጦሪያው ያለበት ከተማ በአውቶቡስ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።

"ሌላም ነገር አለ" አሉ ጋሽ ማኅደር። "የዚያ የድልድዩ ወታደር ልጅ አለች፤ አስተማሪ ናት። መዝገብ ቤቱ ለቤተሰብ ሳይከፈት ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትመላለስ ነበር። አንቺ 'እሱ ነው' ብለሽ ስለፈረምሽ ማኅደሩ ተዘግቶባታል። እኔ በራሴ ልሽረው አልችልም፤ አንቺ ነሽ ማስተካከያ የምትጽፊው። ለወንድምሽ ምን እንደምትነግሪው ያንቺ ጉዳይ ነው።"

ማስተካከያውን እዚያው ጻፈች። ልትወጣ ስትል አስተማሪዋ ደረጃውን ስትወርድ አገኘቻት፤ ጋሽ ማኅደር በስልክ ጠርተዋት ኖሯል። እሳቸው "እንደነገርኩሽ፣ ስሕተቱን ያረመችው እሷ ናት" ሲሏት አስተማሪዋ የአራሚዋን ሁለት እጆች ያዘች። "እግዜር ይስጥልኝ። ባንቺ ምክንያት አባቴን አገኘሁ" አለች። ምናለ ብትሰድበኝ አለች አራሚዋ በልቧ።

ወንድሟን ያገኘችው አውቶቡስ መናኸሪያ፣ በሁለት ጉዞ መሐል ነው። ባዶው አውቶቡስ ውስጥ፣ እሱ መሪው ጋ እሷ ከኋላው ወንበር ላይ፣ ሁሉንም ነገረችው። ፊት ለፊት ባለመተያየታቸው አመሰገነች። ስትጨርስ የአውቶቡሱን የፊት መስታወት በእጅጌው ወለወለ።

"ያቺ ከተማ" አለ በመጨረሻ፣ "ምሳ የምንበላባት ናት። በሱ ግቢ በር ላይ ነው የማቆመው። አስራ ስምንት ዓመት።"

"ሞቶ ነበር ያኔ…"

"ሞቶ ነበር! እሱስ ይሁን! መቃብሩ ግን ከምሳ ቤቱ ጀርባ ነበር!" መሪውን በመዳፉ መታው፤ ጡሩምባው ሳያስበው ጮኸና ሁለቱም ደነገጡ። ድምፁ ወረደ። "ልጅ ነበርሽ። በልጅነትሽ አልፈርድም። በልጅነትሽ የምፈርድ ሰው አይደለሁም። ግን ባለፈው ወር ልጅ አልነበርሽም። እያለቀስኩ አየሽኝ፣ 'እሱ ነው' አልሽኝ።"

"አዎ።"

"በቃ ውረጂ። ተሳፋሪ ይጠብቀኛል።"

እትዬ አላላትም።

ለእናቷ ለመንገር አራት ቀን ፈጀባት። የደብዳቤውን ግልባጭ ይዛ ሄደች፤ እናቷ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። አራሚዋ እግሯ ሥር ዝቅ ብላ ተቀመጠችና አንድ ቃል ሳትዘል አነበበችላት። ስትጨርስም የእናቷ ጣቶች መፈልፈላቸውን አላቋረጡም።

"ባለቤታቸውን ደጋግመው የሚጠይቁ ይላል?" አለች እናቷ።

"ይላል እማዬ።"

"እንደገና አንብቢው። እሱን ብቻ።"

አነበበችው።

"እፈራው ነበር" አለች እናቷ። "በር በተንኳኳ ቁጥር መጣ እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደነገጥኩ። ዓይን የሌለው ሰው በምን ይመጣብኛል? ያን ጊዜ ብታነቢልኝ ኖሮ…" ቆመች። "ምናልባት አላመጣውም ነበር። እዚያው ይቅር እል ነበር ይሆናል። ምናልባትም ሄጄ አመጣው ነበር፤ እኔ ሞኝ ነኝ። ግን የሚፈርደው እኔ ነበርኩ። የተመታሁት እኔ፣ ፈራጇ አንቺ?"

"ይቅር በይኝ።"

"አናጢውስ?" አለች እናቷ በቀስታ። ጎድጓዳውን ሳህን ወደ ልጇ ገፋችና "ቀሪውን ፈልፍዪ፣ ጣቴን አመመኝ" ብላ ወደ መኝታዋ ገባች። አራሚዋ ባቄላውን እስከ መጨረሻው ፈለፈለች።

ወደ መጦሪያው የሄዱት ከወር በኋላ ነው፤ ሦስቱም። ወንድሟ የሰው መኪና ተውሶ ነዳ፤ በመንገድ ላይ ያወራው ከእናቱ ጋር ብቻ ነው። መጦሪያው ውስጥ ከአባታቸው ጋር በአንድ ክፍል የኖሩ አንድ እግር የሌላቸው ሽማግሌ ተገኙ፤ ጥርስ ባይኖራቸውም ጨዋታ አላቸው።

"እሱ?" አሉ። "የለየለት ጠበኛ ነበር! ዱላውን በሌላ ሰው ላይ ሲወረውር ስቶ የፊት ጥርሴን ያወለቀው እሱ ነው። ሌሎቹ በራሳቸው ወለቁ። መጠጥ እዚህ ስለሌለ በመጥረጊያ ሰካራም ሆነ፤ ማታ ማታ ሲያስር ነው የሚያመሽ። ድምፁ ግን ያምር ነበር። ሲዘፍን ጥርሴን እረሳለሁ።"

"ስለ ቤቱ ያወራ ነበር?" አለ ወንድሟ።

ሽማግሌው አሰብ አደረጉ። "አልዋሽህም ልጄ፣ ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ብቻ 'ባይመጡም እውነታቸውን ነው' ሲል ሰምቼዋለሁ።"

ሰውየው እንዳልተፈለገ አውቆ፣ ይገባኛል ብሎ ሞቷል። የፈረደበት ሰው ማን እንደሆነ ግን አላወቀም።

መቃብሩ በቁጥር የታወቀ ተራ ድንጋይ ነው። እናታቸው ልጇ የያዘላትን በርጩማ ድንጋዩ አጠገብ አስቀምጣ ተቀመጠች። "ሂዱ እናንተ" አለቻቸው። ወደ ኋላ አሉ። ከሩቅ ድምፅ እንጂ ቃል አይሰማም፤ እጇን ግን እያነሳች ትቆጣ ነበር።

ሲመለሱ እናታቸው መኪናው ውስጥ ሆና "በየወሩ እመጣለሁ" አለች። "አንተ ሥራ አለህ። እሷ ታምጣኝ።"

ይቅር ብያለሁ አላለችም። አራሚዋም አልጠየቀችም። ወንድሟ በሁለተኛው ወር ስለ እናታቸው መድኃኒት ሊጠይቅ ደወለ፤ በሦስተኛው ወር ስለ ምንም ሳይሆን ደወለና፣ የሚለው ጠፍቶት "በይ ደህና ሁኚ" ብሎ ዘጋ። በመስታወት የነበረውን ወረቀት ለአስተማሪዋ ራሱ ወስዶ እንደሰጣት ከሚስቱ ሰማች።

በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እናትና ልጅ በጠዋት አውቶቡስ ይሄዳሉ። እናቷ በርጩማዋ ላይ ትቀመጥና ሰውየውን ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ ትወቅሰዋለች፤ አንድም ነገር አትዘልም፤ የሰበረውን መስታወት፣ የሸጠውን ብርድ ልብስ፣ አንዳንዴም ያሳቃትን ቀን። ጆሮዋ እየደከመ ስለሄደ ድምፏ ከፍ ብሏል፤ አሁን ዛፉ ሥር ለቆመችው ልጇ እያንዳንዱ ቃል ይሰማታል። እስካሁን የደረሰችው የትዳራቸው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። አራሚዋ ገና አልተወለደችም። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች።